የማርታ ጫማ በቅድስት ኤልሳቤጥ ደጅ

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 10 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ

ለሰመር ትምህርት ጀርመን የሄደችው ልጄ ማርታ ዛሬ ሥራ ቦታ ብሬክ ላይ እያለሁ ደወለች። ድምጿ ኩርፊያ አለበት። ከክፍል ጓደኞቿ ጋር በመካከለኛው ዘመን የተሠራ የካቶሊኮች ቤተ ክርስቲያን፣ ቅድስት ኤልሳቤጥን፣ ልትጎበኝ ሄዳ ነበር።

«ማሚ፣ ሰዉ ሁሉ እግሬን ነው የሚያየው! ካቶሊኮች ጫማ እንደማያወልቁ ለምን አልነገርሽኝም?»

እኔ ምን ላድርግ? እዚህ እሁድ እሁድ ለቅዳሴ ስቀሰቅሳት ብርድ ልብሷን የምትከናነብ ልጅ፣ ባሕር ማዶ ሄዳ ጫማዋን ታወልቃለች ብዬ መች አሰብኩ! ሳቄ እንዳያመልጠኝ ከንፈሬን ነክሼ፣ «ታዲያ ተመልሰሽ ጫማሽን አታደርጊም ነበር?» አልኳት።

«ኖ» አለች። «ድንጋዩ በጣም ይቀዘቅዛል። ግን ቸርች ነው አይደል?»



ከሥራ ስወጣ ጓደኛዋ ያነሳችውን ፎቶ ላከችልኝ። ሰማይ ሊነካ የደረሰ ሹል ማማ፣ ረጃጅም መስኮቶች፣ ከድንጋይ የተጠረቡ ቅዱሳን። እኔ ደጋግሜ ያየሁት ግን እታች በሩ ጥግ ያሉትን ስኒከሮቿን ነው። ጫፋቸውን ወደ መንገዱ አዙራ ጎን ለጎን አስቀምጣቸዋለች፤ ልክ እኔ ለቅዳሴ ስገባ እንደማደርገው።