የአቶ ወልደሰንበት ፀሐዬ የሕይወት ታሪክ፣ መንገድ ላይ ከቆየችው ፉርጎ ጋር

አቶ ወልደሰንበት ፀሐዬ ከአባታቸው ከመሪጌታ ፀሐዬ ዓለሙ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ለተጊዮርጊስ ደስታ፣ በእንጦጦ ተራራ ላይ ሐምሌ 19 ቀን 1942 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ልጁ የተወለደው በሰንበት ነው ብለው ወልደሰንበት አሏቸው። እናታቸው ግን ረቡዕ እንደነበር እስከ ዕለተ ሞታቸው ይከራከሩ ነበር። የአቶ ወልደሰንበት ልጅ ሰገነት በቅርቡ በስልኳ ብታሰላው በእርግጥም ረቡዕ ሆኖ ተገኝቷል። የአቶ ወልደሰንበት ነገር እንግዲህ ከመነሻው ግራ የሚያጋባ ነበር። ይህን የሕይወት ታሪክ ያዘጋጀው የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም ታዴዎስ ወርቅአየሁ ሲሆን፣ ያልገባውን አልገባኝም ብሎ እንዲጽፍ ከእህቱ ፈቃድ አግኝቷል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአባታቸው እግር ሥር ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደግመዋል። ከዚያም ዘመናዊ ትምህርት ለመማር በየቀኑ ከእንጦጦ ወደ ቀበና እየወረዱ፣ ማታ ደግሞ ያንኑ ዳገት እየወጡ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አጠናቀዋል። የባቡር ፍቅር ያደረባቸው በልጅነታቸው ከተራራው ላይ ሆነው የለገሃርን ባቡር ጡሩምባ ሲሰሙ ነው የሚሉ ወዳጆች አሉ። እርሳቸው ግን ሲጠየቁ ከልጅነታቸው የሚያስታውሱት ድምፅ የአህያ ብቻ እንደሆነ ይናገሩ ነበር። ስለዚህ ፍቅሩ ከየት እንደመጣ ቤተሰቡ አያውቅም።

በ1963 ዓ.ም. ሰው ሠራሽ ጥርስ የመሥራት ሙያ ሠልጥነው፣ በከተማችን በሚገኝ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ተቀጠሩ። እስከ ጡረታቸው እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስም በዚያው በቅንነት አገልግለዋል። የሠሩት ጥርስ ከባለቤቱ ዕድሜ በላይ ይቆያል ይባልላቸው ነበር። ዛሬ እዚህ ከተሰበሰብነው መካከልም በእርሳቸው ጥርስ የምንስቅ አለን፤ ስም አንጠራም።

በ1974 ዓ.ም. ከወ/ሮ ፍቅርአዲስ ወርቅአየሁ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ ፈጽመው ቀበና ቤት ሠሩ፤ ሰገነትንና ወንደሰንንም ወለዱ። ቤቱ የተረጋጋ ቤት ነበር። በ1979 ዓ.ም. ግን በሆስፒታሉ ያገለግል የነበረ አንድ የምሥራቅ ጀርመን ሐኪም ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ ካርቶን ትቶላቸው ሄደ። ወ/ሮ ፍቅርአዲስ ካርቶኑ ሲከፈት ሰሃን ወይም ብርድ ልብስ ጠብቀው ነበር። የወጣው በኤሌክትሪክ የሚሄድ መዳፍ የሚያክል ባቡር፣ አራት የጭነት ፉርጎዎችና አንድ እቅፍ ሀዲድ ነው። ልጆቹ በደስታ ዘለሉ። አባታቸው እንዳይነኩት ሲከለክሏቸው ግን ባቡሩ ለማን እንደመጣ ገባቸው።

ከዚያ በኋላ ከሳሎኑ ቀጥላ ያለችው ክፍል ለሰው መቀመጫ መሆኗ ቀረ። አቶ ወልደሰንበት ክፍሏን በአንድ ትልቅ ጠረጴዛ ሞልተው፣ የጥርስ ልክ በሚወሰድበት ጄሶ የእንጦጦን ተራራ ሠሩ፤ ከሥሩም የባቡር ዋሻ አወጡለት። እንጦጦ ሥር ዋሻ የለም ሲባሉ፣ “አሁን አለ” ይሉ ነበር። ሐኪሙ የተዋቸው ፉርጎዎች ስላልበቋቸውም ከሰርዲን ቆርቆሮ፣ ከጥርስ ማሰሪያ ሽቦና ከፕላስቲክ ራሳቸው ይሠሩ ጀመር። ወ/ሮ ፍቅርአዲስ ይህን ሁሉ ችለው ኖሩ። ሌላው ወንድ መጠጥ ቤት ያመሻል፣ የኔው ዋሻ ውስጥ ነው እያሉ ይስቁ ነበር።

ያልቻሉት የመለዋወጡን ነገር ነው። በ1991 ዓ.ም. የሾላ ገበያው የቅመም ነጋዴ አቶ ሱፊያን የአባታቸውን ጥርስ ሊያሠሩ መጥተው፣ መደርደሪያ ላይ ከጥርሶቹ መካከል የቆመች ፉርጎ አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እርሳቸውም ቤታቸው ባቡር እንዳላቸው ተናገሩ። ቀጥሎ የሲ.ኤም.ሲው ኢንጂነር ዱጋሳ፣ በመጨረሻም በ2008 ዓ.ም. የቀበናዋ የፋርማሲ ባለሙያ ናዝሬት ተጨመሩ። እነዚህ አራት ሰዎች ፉርጎ ይለዋወጡ ነበር። አንዱ የሠራውን ፉርጎ ስሙን ጎኑ ላይ ጽፎ ወደ ሌላው ቤት ይልካል። ፉርጎው በዚያ ቤት ሀዲድ ላይ ለወራት ሲሠራ ይቆይና ወይ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፣ ወይ ወደ ሦስተኛው ቤት ይሻገራል። በምትኩ የሌላ ሰው ፉርጎ ይመጣል። የሚሸጥ የለም፤ የሚገዛም የለም። ወ/ሮ ፍቅርአዲስ “ታዲያ ምን ተገኘ?” ብለው በጠየቁ ቁጥር ባለቤታቸው የሚሰጡት መልስ አንድ ነበር። “ከገዛ ሀዲዱ የማይወጣ ፉርጎ አሻንጉሊት ነው። ሰው ቤት ደርሶ ሲመለስ ነው ባቡር የሚሆነው።” ይህ መልስ ለአራቱ በቂ ነበር፤ ለቀረነው ግን ጥያቄውን አበዛብን።

ደንባቸው፣ ፉርጎ ባዶውን አይመለስም የሚል ነበር። የጎረቤት ሰሃን ባዶውን አይመለስም የሚለውን የአገር ልማድ ወደ ሀዲድ አወጡት ማለት ነው። ከአቶ ሱፊያን የሚመጣው ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ፣ ከኢንጂነር ዱጋሳ የሚመጣው የመዳብ ሽቦ ቁርጥራጭ ጭኖ ነበር። ናዝሬት መጀመሪያ የላከችው ፉርጎ ባለ ቀለም የመድኃኒት እንክብል ሽፋኖች ሞልቶ ሲመጣ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ነገር እንደ ጭነት ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም በሚለው ሦስቱ ትልልቅ ሰዎች አንድ ቅዳሜ ሙሉ ተከራክረዋል። አቶ ወልደሰንበት ራሳቸው የሚጭኑት ከእንጦጦ የለቀሙትን የባሕር ዛፍ ፍሬ ነበር። አንድ ጊዜ ግን በስህተት የሰው መንጋጋ ጥርስ ልከው የአቶ ሱፊያንን ቤተሰብ አስደንግጠዋል።

በ1994 ዓ.ም. የጋብቻቸውን ሃያኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ አንዲት ፉርጎ በልዩ ጥንቃቄ ሠሩ። የሠሩባት ፕላስቲክ የሰው ሠራሽ ጥርስ ድድ የሚሠራበት ስለነበር ቀለሟ ሮዝ ሆነ። ጎኗ ላይ በነጭ ቀለም “ፍቅርአዲስ” ብለው ጻፉባትና ለባለቤታቸው አሳዩ። ወ/ሮ ፍቅርአዲስ አይተው ሳይጠግቧት ባለቤታቸው በማግስቱ ወደ ሾላ ላኳት።

“ሰው ለሚስቱ የሠራውን ለሱፊያን ይልካል?” ብለው እህታችን ለሽማግሌ ሁሉ አቤት ብለዋል። ሽማግሌዎቹም ነገሩን ሰምተው እንዴት እንደሚፈርዱ ግራ ገብቷቸው ተበተኑ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሾላ ቅመም ሊገዙ ቢሄዱ፣ የአቶ ሱፊያን ልጅ ናዲያ ብድግ ብላ ተቀበለቻቸውና “እትዬ ፍቅርአዲስ፣ ትናንት እኮ ከሀዲድ ወጥተው ተገልብጠው ነበር፤ አባዬ ነው ያነሳዎት” አለቻቸው። በሱቁ የነበሩት ገዢዎች ዞር ብለው አዩአቸው። እህታችን ቅመሙን ሳይገዙ ተመለሱ፤ “ፉርጎዬን አምጣልኝ፣ ቤቴ ትቀመጥ” አሉ። አቶ ወልደሰንበትም “መንገድ ላይ ናት” አሉ። ይህ ጥያቄና ይህ መልስ በዚያ ቤት ለዓመታት ሲመላለስ ኖሯል። በበዓል ቀን ይጠየቃል፣ በጾም ይጠየቃል፤ መልሱ “መንገድ ላይ ናት” ነው። ወ/ሮ ፍቅርአዲስም በመጨረሻ ወይ ጠፍታለች ወይ ተሰብራለች፣ ሊነግረኝ ፈርቶ ነው ብለው አመኑ፤ ማዘናቸውን ግን አልተዉም።

አቶ ወልደሰንበት በጡረታቸው ዘመን በአካባቢው ዕድር በዳኝነት አገልግለዋል። በዕድሜያቸው ሙሉ ባቡር ተሳፍረው የማያውቁት ሰው፣ የከተማው ቀላል ባቡር ሥራ ሲጀምር ካርቶናቸውን ታቅፈው ከመገናኛ ወደ ሲ.ኤም.ሲ መመላለስ ጀመሩ። ለኢንጂነር ዱጋሳ ፉርጎ ያደርሱ ነበር። አብሯቸው የተሳፈረ ሰው ካርቶኑ ውስጥ ምን እንዳለ ሲጠይቃቸው “ባቡር” ይላሉ፤ ጠያቂውም ቀስ ብሎ ፈቀቅ ይል ነበር።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ እጃቸውን መንቀጥቀጥ ጀመራቸው። በሕክምና ሲረዱ ቢቆዩም እየባሰባቸው ሄዶ ጎማውን ከሀዲዱ ጋር ማጋጠም ተሳናቸው። በዚህ ጊዜ ያን ሁሉ ዘመን ወደ ክፍሏ ገብተው የማያውቁት ወ/ሮ ፍቅርአዲስ ወንበር አስጠግተው ከጎናቸው ተቀመጡ። ማታ ማታ ፉርጎዎቹን አንድ በአንድ ሀዲዱ ላይ ያስቀምጡላቸዋል፤ እርሳቸው ቁልፏን ይጫናሉ፤ ባቡሩም በዋሻው ገብቶ በዋሻው ይወጣል። እህታችን ይህን ጊዜ ሲያነሱ ዕንባቸው ይቀድማቸዋል። የትዳራችን ምርጡ ጊዜ እሱ ነበር ይላሉ።

አቶ ወልደሰንበት ጥር 13 ቀን 2018 ዓ.ም. ንጋት ላይ፣ በተወለዱ በ75 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ቀኑ ረቡዕ ነው፤ በዚህኛው ጭቅጭቅ የለም።

ትናንት ለቅሶ ሊደርሱ ሰዎች ሲመጡ ወ/ሮ ፍቅርአዲስ ከሁሉ አስቀድመው ያሉት “በእጁ ከሠራው አንድ ስጡኝ” የሚል ነበር። ክፍሏ ተፈተሸ። ፉርጎው ብዙ ነው፤ ግን ጎኑ ሲታይ ሱፊያን፣ ዱጋሳ፣ ናዝሬት ይላል። የአቶ ወልደሰንበት የተባለ አንድ እንኳን አልተገኘም፤ የእርሳቸው በሙሉ በሰው ቤት ነው። አርባ ዓመት የሚጠጋ የእጅ ሥራ ከገዛ ቤታቸው ጠፍቶ የሰው ንብረት ብቻ ማግኘታችን ሁላችንንም ግራ አጋባን። ሦስቱ ወዳጆቻቸውም ተጠየቁ። አቶ ሱፊያን “ሮዟን ለዱጋሳ አሳልፌያታለሁ” አሉ። ኢንጂነር ዱጋሳ ለናዝሬት መስጠታቸውን ተናገሩ። ናዝሬት ደግሞ “በ2009 ለጋሼ ወልደሰንበት በእጃቸው አስረክቤያለሁ” ብላ ማለች። እርሳቸው እስከ ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ ናት ሲሉ ስለነበር ማንም አላመናትም። ለዚህ ነው በእጃችሁ ባለው የታተመ ጽሑፍ መጨረሻ ላይ፣ ሮዝ ቀለም ያላትን ፉርጎ ያየ ሰው ለቤተሰቡ እንዲያስረክብ የሚል ማሳሰቢያ የወጣው።

ያን ማሳሰቢያ እንድትተዉልን በትሕትና እንጠይቃለን። ከዚህ በኋላ የሚነበበው ዛሬ ጠዋት በእጅ የተጨመረ ነው።

ዛሬ ማለዳ ለአስከሬኑ መውጫ ቦታ ለማስፋት የዕድሩ ሰዎች ጠረጴዛውን አንስተው ሲያዘነብሉት፣ ከዋሻው ውስጥ አንዲት ፉርጎ ተንከባልላ ወጥታ ወ/ሮ ፍቅርአዲስ እግር ሥር ወደቀች። ሮዝ ናት። ስሟ ጎኗ ላይ አለ። ለካ ዋሻው ውስጥ ከዋናው ሀዲድ ፈንጠር ብላ የምትቀር አጭር ሀዲድ ኖራለች፤ ፉርጎዋ እዚያ ቆማ ያን ሁሉ ማታ ባቡሩ በጎኗ ሲያልፍ ከርሟል። ናዝሬትን ሁላችንም ይቅርታ ጠይቀናል።

ፉርጎዋ ባዶ ነበረች። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ፣ በዕድሜና በሕመም ረስተዋት ነው የሚል አስተያየት አለው፤ ሰዉም ይህንኑ ተቀብሎ ነበር። አቶ ሱፊያን ግን ባዶነቷን ሲያዩ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። “በየዓመቱ ‘ለፍቅርአዲስ ምን ይጫናል?’ እያለ ይጠይቀኝ ነበር” አሉ። “እኔ ፉርጎዋ ዱጋሳ ዘንድ ያለች መስሎኝ ኮረሪማ በለው እለዋለሁ። ‘ኮረሪማ ያንተ ነው፣ ሌላ ንገረኝ’ ይለኛል። ባሕር ዛፍ ፍሬ ስለው ‘ለሷ ይሄ አይሆንም’ ይለኛል።” ባዶዋን መመለስ ደንባቸው አልፈቀደም፤ ለባለቤታቸው የሚመጥን ጭነት ደግሞ አጡ። እስኪያገኙ ብለው ደበቋት። ወ/ሮ ፍቅርአዲስ የተረዱት እንዲህ ነው፤ ማስተባበያ ያለው ሰው ከእርሳቸው ጋር ይነጋገር።

እህታችን ፉርጎዋን በነጠላቸው ጠርገው ከታቀፏት በኋላ ሁለት ነገር አዘዋል። በቤቱ የሚገኙት የእንግዳ ፉርጎዎች ከቀብር በኋላ ከድንኳኑ በር በስተቀኝ ጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ፤ ባለቤቶቻቸው እንዲወስዱ ይጠየቃሉ። እያንዳንዱ የለቅሶውን ንፍሮ የሚችለውን ያህል ጭኗል። የአቶ ወልደሰንበት ፉርጎዎች ግን ባሉበት ቤት እንዲቆዩ፣ ቤት ለቤት መዞራቸውንም እንዳያቋርጡ፣ ወደ ቀበና ሲመጡም እንደ ደንቡ ባዶ እጃቸውን እንዳይመጡ ለምነዋል።

አቶ ወልደሰንበት ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም በሾላ፣ በሲ.ኤም.ሲ እና በቀበና ሦስት የባቡር ወዳጆችን ትተው ሄደዋል። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ወዳጅ ዘመዶቻቸው በተገኙበት ይፈጸማል። ባዶ እጃቸውን ሰው ቤት ደርሰው የማያውቁትን ሰው እግዚአብሔር በቤቱ ይቀበልልን፤ ነፍሳቸውንም ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለቤተሰቡም መጽናናቱን ይስጥልን።

አንዲት ማሳሰቢያ ቀርታለች። ከጠዋት ጀምሮ ለማጽናናት ብለው ሮዟ ፉርጎ ውስጥ ስንዴ፣ አበባ፣ ሳንቲምም የሚያስቀምጡ አሉ። ወ/ሮ ፍቅርአዲስ ሁሉንም አራግፈው መልሰውታል፤ እንዲህም እንድንልላቸው አደራ ብለውናል፦ “የሌላውን ሁሉ ሞልቼ እመልሳለሁ። ይቺ ግን ባዶዋን ትቆይልኝ። ለሱ የምጭነውን እኔም ገና አላገኘሁም።”