ጋራንቲውና ቀዩ ኩቴክስ

ጥር 9

የፈተና ወረቀት ሳርም ዋልኩ። ከሃምሳ ሁለት ተማሪ አርባው ያንኑ ስህተት ሠርቷል። ጥፋቱ የኔ ይሆን?

መኪናዋን የሸጠልን ድርጅት ደወለ። ልጅቷ አነጋገሯ ማር ነው። የሦስት ዓመቱ ጋራንቲ የካቲት ሠላሳ ያበቃል፣ ከፈለጉ ከፍለው ሌላ ሦስት ዓመት ማራዘም ይቻላል አለች። እየሳቅሁ ለባሌ ነገርኩት። የሚለውን አውቃለኋ! ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ምድጃ ስንገዛ፣ ካውያ ስንገዛ፣ "የምን ጋራንቲ ነው? ጋራንቲሽ እኔ!" ሰፈሩ አባ መፍቻ የሚለው መካኒክ ወረቀት ያምናል እንዴ?

ዛሬ ግን ሻዩን አስቀመጠና "ግዢው" አለኝ።

በቃ፣ ይችኑ ብቻ።

ጥር 10

ለምንድነው "ግዢው" ያለው?

ጥር 16

ቀዩ ኩቴክስ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። የኔ መሆኑ ከቀረ ቆየ። ገና እንደተጋባን ነው የወሰደብኝ፤ ባለቀ ቁጥር ያንኑ ቀይ ይተካል። ያጠበቀው ብሎን ላይ ሁሉ አንዲት ነጥብ ጠብ ያደርግበታል፤ ብሎኑ ከላላ ነጥቧ ትሰነጠቃለች፣ በዓይን ትታያለች። ሌላው መካኒክ ለዚህ ቀለም ይገዛል። እሱ ግን "ያንቺ ጥፍር አይላላ፣ ለብሎን ይሻላል" ብሎ አረፈው።

ይቺን መኪና ስንገዛ ልጅቷ አስጠንቅቃን ነበር፤ ከድርጅቱ ጋራዥ ውጪ ማንም እንዳይነካት። ሳምንት ሳይሞላ ጓሮ ኮፈኗን ከፍቶ ያዝኩት። "ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ አልነካኋትም!" አውራ ጣቱ ላይ ቀይ ኩቴክስ...

ዛሬ የጠርሙሱን ክዳን መክፈት አቃተው። እንዳላየሁ ሆንኩ።

ጥር 22

ለሳሉ ብለን ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሟ ወረቀቱን እያገላበጠች "ባለፈው እንደነገርኩዎት፣ ልብዎ በጣም ደክሟል" አለችው። ባለፈው? ለካ ጥር ስድስት ብቻውን ሄዶ ኖሯል። ስልኩ ከመደወሉ ሦስት ቀን በፊት።

ስንት ጊዜ አለው ብዬ ጠየቅኋት፣ እሱ እየሰማ። ወራት አለች። ቁጥር አልጠራችም።

መኪና ውስጥ ገብቼ ቁልፉን ማዞር አቃተኝ።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ጋራንቲውን ገዛሽ?"

ነግሮኝ ኖሯል። የሰማሁት ግን ዛሬ ነው።

ጥር 23

አልገዛም። የገዛሁ ቀን በቁሙ የቀበርኩት ይመስለኛል።

የካቲት 3

ዛሬም አነሳው። ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው፣ መንገዱ ጭር ያለ።

"መንገድ ላይ ብትቆምብሽ ማን ያይልሻል?"

"አንተ።"

"እመቤት..." እንዲህ የሚጠራኝ ሲቀልድ ነበር። "ጠርሙስ መክፈት አቅቶኝ አይተሻል። እንዳላየሽ ሆንሽ እንጂ። እንቅልፍ የነሳኝ የልቤ ነገር አይደለም። ዓይኔን ስጨፍን መንገድ ላይ ቆመሽ ነው የምትታዪኝ።"

አንጀቴን በላው። እሺ አልኩት።

ስደውል ልጅቷ መጀመሪያ ፍተሻ አለ አለች። ሌላ እጅ የነካት ከሆነ አይፈርሙም። ይሄን ስነግረው ሳሉ እስኪነሳበት ሳቀ። "በይ እንግዲህ፣ አሴቶን ግዢ!"

የካቲት 10

ጓሮ። እሱ ወንበር ላይ፣ ብርድ ልብስ ጉልበቱ ላይ። እኔ በጥጥና በአሴቶን ነጥቦቹን እጠርጋለሁ። አስራ ዘጠኝ ናቸው። ሁሉንም በቃሉ ያውቃቸዋል። "ከባትሪው ጎን... ወደ ግራ... እሷን ያጠበቅኳት ፈተና ደርሶብሽ የቸኮልሽ ለት ነው።" "ያቺኛዋን ደግሞ ተኳርፈን።" ተኳርፈንም? እኔ አኩርፌ ስተኛ እሱ እዚህ ብሎን ያጠብቅልኝ ነበር ማለት ነው። አንድ ቀን እንኳ አመሰግናለሁ ብዬው አውቃለሁ?

የመጨረሻዋ ከሞተሩ ጀርባ ናት። ጥጡን አስጠጋሁ። እጄ እምቢ አለ። ዘወር ስል ዓይኑን ጨፍኗል።

"ጨረስኩ" አልኩት።

የካቲት 12

ፈታሹ በባትሪ እያበራ አየ፣ አየ... ቆመ።

"ይሄ ቀይ ነገር ምንድነው? ማን ነው የነካት?"

አላውቅም ማለት ይቻል ነበር።

"ባለቤቴ። መካኒክ ነው።"

ኮፈኑን ቀስ አድርጎ ዘጋው። "ጥሩ እጅ አላቸው። ግን መፈረም አልችልም፣ እትዬ።"

እቤት ገብቼ ነገርኩት። "ረስተሻት ነው?" አለኝ። አውቄ ነው የተውኳት አልኩ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የካቲት 14

ዛሬም አላናገረኝም። እውነቱን ነው። ተኝቶ እንዲያድር የለመነኝ አንዲት ነገር ነበረች። እኔ ግን ያዘንኩት ለራሴ ነው።

የካቲት 16

ጠዋት ስነሳ ቱታው አልጋው ጫፍ ላይ ተዘርግቷል። "ልበሺው" አለኝ። እጅጌውን ሁለቴ አጠፍኩት።

"ሃምሳ ሁለት ልጅ ታስተምሪ የለ? እስቲ አንቺም ተማሪ።"

የመጀመሪያው ትምህርት መስማት ነው። ሞተሩን አስነስቶ ዓይኔን አስጨፈነኝ። ሞተሩ ላይ የሚዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ሲያረጅ እንዴት እንደሚያፏጭ በአፉ አሳየኝ። ቀጥሎ መፍቻ አስያዘኝ። ብሎኑን ስስበው ጮኸብኝ። "አታንቂያት! በቃኝ ስትልሽ ተያት!" እኔ ተማሪ ላይ እንዲህ ብጮህ ወላጅ ይመጣብኝ ነበር።

የጠረግናቸውን ነጥቦች መልሰን እንቀባ አልኩት። እንደ ልማዱ ግትር ነው። "የሚቀባው ያጠበቀው ነው። አንቺ ያጠበቅሽ ለት ትቀቢያለሽ።" ጠርሙሱን ግን ቦርሳዬ ውስጥ ከተተው።

የካቲት 30

ጋራንቲው ዛሬ አበቃ። መኪናዋ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሞተሩን ሰማን።

"ምን ትላለች?"

"ደህና ናት።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

ወንበሩን አጋደመና እንቅልፍ ወሰደው። ሞተሩን ሳላጠፋ ብዙ ቆየሁ።

ሚያዝያ 19

ከሞተ አስራ አንድ ቀን። ምን ልጻፍ?

ሰኔ 4

ጠዋት ስልክ ለማንሳት ዳር ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ። ልሂድ ስል መኪናዋ ጭጭ። ቦታው ጭር ያለው ቦታ... እሱን እንቅልፍ የነሳው። መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ጮክ ብዬ፤ ማን ይሰማኛል?

ሲበቃኝ ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ። የባትሪው ገመድ መያዣ ላልቷል። ነጥብ የለበትም። የጠረግኳት እኔው ነኝ፣ ወደ ግራ ሲለኝ።

በሱ መፍቻ በቃኝ እስክትል አጠበቅኳት። በአንድ ጊዜ ተነሳች። ከቦርሳዬ ኩቴክሱን አውጥቼ ጠብ አደረግኩባት። ትንሽ ተንጋደደች፤ ቢያያት ይስቅብኝ ነበር።

አርባ ደቂቃ አርፍጄ ገባሁ። ዳይሬክተሩ የጠቆረ እጄን አይቶ አሳለፈኝ።

ጠርሙሱ አልቋል። ነገ ሌላ እገዛለሁ። ቀይ።