በአንተ ስለማለው ዘጠኝ ቁጥር

ለውድ ባለቤቴ ለሽፈራው፤

ደብዳቤ ሲጀመር «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል» ይባላል። ፊደል ስታስቆጥረኝ አንተው ነህ ያስተማርከኝ። አሁን አንተን ስለ ጤናህ ብጠይቅህ ያነበበው ሁሉ አበደች ይለኛል፤ ስለዚህ እንዲሁ ልጀምረው። ከተለያየን ትናንት ሰባት ወር ሞላ። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ አያባራም፣ የጭላሎ ተራራም ጉም ለብሶ ከታየ ሰነበተ። እኔ ደህና ነኝ፣ ቤቱ ግን ጭር ብሎብኛል።

የስፌት መኪናህን አንሶላ አልብሼው ነበር፤ አስከሬን መስሎ ሲያስፈራኝ ገለጥኩት። ሜትርህ እዚያው ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ሰዉ ሱሪ ለማሳጠር ሲመጣ እኔው እንደ ነገሩ እሰፋለሁ፤ ብታየው በሳቅ ትሞት ነበር። ስታሠለጥነው የነበረው የኳስ ቡድን ማሊያ ያለበት ጆንያም በሩ ሥር እንደተቀመጠ ነው። አንተ ሰፍተህ ያለበስካቸው አሥራ አንድ ማሊያ በየእሁዱ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሲመጣልኝ እንዴት እነጫነጭ እንደነበር አትረሳውም። አሁን ምነው አምጥተው በወረወሩብኝ እላለሁ። ጓሮ ገመዱ ላይ የእኔ ነጠላ ብቻውን ተሰጥቶ ማየት አስጠልቶኛል።

ከሁሉም የናፈቀኝ ግን መሐላህ ነው። «አንቺ ትሙቺ ጠግቤአለሁ!» «አንቺ ትሙቺ በቀጥታ ከሜዳ ነው የመጣሁት!» በቀን አሥር ጊዜ ትገድለኝ ነበር እኮ። ሌላ የምትምልበት ሰው አጣህ ወይ ብዬ ስቆጣህ፣ ከአንቺ ሌላ ማን አለኝና ብለህ ትስቅብኛለህ። ይኸው ሰባት ወር ሙሉ በእኔ የማለ ሰው የለም። ልጅ አልወለድንም፤ ማን ይማልብኝ?

እንድጽፍልህ ያስነሳኝ የዘጠኝ ቁጥርህ የበቀለ ጉዳይ ነው። ኢተያ ለግጥሚያ ሄዳችሁ፣ አንድ ቀጭን ጎረምሳ ብቻውን ሦስት ጎል አግብቶባችሁ የተመለሳችሁ ዕለት ትዝ ይልሃል? የተሸነፈ ሰው እንደዚያ ደስ ሲለው አይቼ አላውቅም። ራትህን ሳትበላ ስለ ግራ እግሩ ስታወራ አመሸህ። እኔ ግን በማግስቱ ገበያ ላይ ሌላ ሌላውን ሰማሁ። በድብድብ ሁለት ጊዜ ታስሯል፣ አረቄ ካገኘ አይመለስም፣ ቡጢው ከእግሩ ይፈጥናል አሉኝ። የቡድኑ ጸሐፊ አቶ ይልማ፣ ይህ ልጅ ከገባ አሥሩንም ያበላሻቸዋል ብለው ሲከራከሩህ እኔም ከእሳቸው ጋር ሆንኩብህ። የያዝከው ቡድን እንጂ ጠበል አይደለም አልኩህ። አምበሉ ጀማል ሱቁን ሳይከፍት ማለዳ ማለዳ ጭቃ እየረገጠ የሚሮጠው ሰካራም ሊያጅብ ነው ወይ? ደህናው ልጅ ከሜዳ ዳር ቁጭ ብሎ ያ ይጫወት? ብዙ ተናገርኩ፤ አፌ አያርፍም፣ ታውቀዋለህ። አንተ ክር እያሾልክ፣ ጠባየ ሸጋውንማ ማንም ይወስደዋል፣ ይህን እኔ ካልወሰድኩት የሚወስደው እስር ቤት ነው አልክ። ዘጠኝ ቁጥርንም ሰፍተህ ሰጠኸው።

እውነቱን ልናገርና አንድ ዓመት ያህል አሳፈረኝ። ቤታችን ሲመጣ አንገቱን ደፍቶ ነው፤ እትዬ፣ እትዬ እያለ ውሃ እንኳ አያስቀዳኝም ነበር። ኳስ ሲይዝማ፣ ስለ ኳስ የማላውቀው እኔ እንኳ ከመቀመጫዬ እነሳለሁ።

ከዚያ የናዝሬቱ ግጥሚያ መጣ። በዋዜማው ትከሻውን ይዘህ ስትመክረው እኔ ቁልፍ እተክል ነበር። «ጋሼ ይሙቱ! ጠብታ አልቀምስም፣ እጄንም አልሰነዝርም» አለህ። በማግስቱ ጠጥቶ ገባ፤ ከእረፍት በኋላ ዳኛውን በጥፊ መታው። ተሸነፋችሁ፣ ተሰድባችሁ ወጣችሁ። በዚያ በኅዳር ብርድ፣ ክፍት ጭነት መኪና ላይ ዴራን አልፋችሁ ሽቅብ ስትመጡ፣ ያን ጉድ በማሊያ ብቻ ሲንቀጠቀጥ አይተህ ካፖርትህን አለበስከው። ቤት ስትገባ ከንፈርህ ጠቁሮ ነበር። በሁለት ሳምንትህ ቀበርኩህ።

አሁን ያልነገርኩህን ልንገርህ። ለቅሶ ላይ በቀለ ካፖርትህን በክንዱ ይዞ መጣ። ካፖርቱን ሳየው ደሜ ፈላ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ብድግ ብዬ፣ በል እንግዲህ ደስ ይበልህ፣ በእሱ ምለህ ነበር፣ ይኸው ሞተልህ አልኩት። ካፖርቱን አጠገቤ አስቀምጦ ወጣ። ሽፌ፣ ደረትህ ከነሐሴ ጀምሮ ታሞ እንደነበር ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? በጨርቅ ቁራጭ አፍህን ስትጠርግ፣ ደሙንም ስትደብቀኝ አይቻለሁ። ሐኪም ቤት እንሂድ ስልህ ከግጥሚያው በኋላ እያልክ አዘገየኸኝ፤ እኔም እሺ ብዬ ተውኩህ። ራሴን የምወቅስበት አቅም ቢያንሰኝ በእሱ ላይ ጣልኩት። ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም።

ባለፈው ቅዳሜ ጀማል ማሊያዎቹን ሊወስድ መጣ። በቀለ ከለቅሶው ዕለት ወዲህ ኳስ በእግሩ አልነካም፣ ኢተያ እህል መጋዘን ጆንያ ተሸካሚ ሆኗል አለኝ። መጠጡ ከቀድሞው ብሷል። ጀማል ሦስት ጊዜ ሄዶ ለምኖት፣ ጋሼን በአፌ ገድዬ እንዴት ብዬ እጫወታለሁ ብሎ መለሰው። አቶ ይልማ ተገላገልን ብለዋል፤ ዘጠኝ ቁጥሩን ለሌላ ስጡ ብለው አዘዋል። ማሊያዎቹን አጥቤ እልካለሁ ብዬ ጀማልን ከሸኘሁ በኋላ ጆንያውን ፈታሁ። ለካስ በለቅሶው ሰሞን በንዴት ዘጠኝ ቁጥሩን ተርትሬው ኖሯል! አሁን እንደገና ልሰፋው መኪናህ ላይ ተቀመጥኩ፤ እንባዬ እየመጣ መርፌውን አላሳየኝም።

ማክሰኞ በእህል መኪና ኢተያ ወረድኩ። በቀለ ሲያየኝ ጆንያውን ከትከሻው አውርዶ አንገቱን ደፋ። ምን ያህል ከስቷል መሰለህ። እንደ ለቅሶው ዕለት በሰው ፊት ነገርኩት። ጋሼህን የገደለው ደረቱ ነው፣ ከነሐሴ ጀምሮ ታሞ ነበር፣ እያወቅኩ ነው በአንተ የጣልኩት፣ ይቅር በለኝ አልኩት። የማደርገው ጨንቆኝ ማሊያውን ከነጠላዬ አውጥቼ ዘረጋሁለት። ተሸካሚዎቹ ሁሉ በሳቅ ፈነዱ። ሽፌ፣ ዘጠኙን ገልብጬ ሰፍቼው ስድስት ሆኗል! በቀለም ሳቁ አመለጠው። እኔ አፍሬ ልነጥቀው ስል ወደ ደረቱ አስጠግቶ፣ «እትዬ ይሙቱ፣ ያምራል!» አለ።

ወዲያው ደነገጠና አፉን በመዳፉ ያዘ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። እኔ ደግሞ ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ። ሰባት ወር ሙሉ የጠበቅሁት ቃል እኮ ነው! መዳፉን ከአፉ አውርጄ፣ ማልብኝ፣ እንደ ልብህ ማልብኝ፣ ጠጥተህ ብቻ እንዳትመጣ አልኩት።

አቶ ይልማንም ሄጄ ለመንኳቸው። የፊታችን እሁድ ይሰለፋል፤ አንድ ጊዜ ካጠፋ ግን የመጨረሻው ነው ብለዋል። ትክክል ናቸው፤ ጀማልና ሌሎቹ ስንቴ ይቻሉት? በቀለ ቃሉን ይጠብቅ አይጠብቅ አላውቅም። እንደ አንተ እምነት የለኝም። ማሊያውን ግን አስተካክዬ ልስፋልህ ብለው እንቢ አለኝ፤ በሁለት ስድስት ቁጥር ሊጫወቱ ነው።

እሁድ ካፖርትህን ለብሼ ሜዳ እወጣለሁ፤ አንተ በምትቆምበት በኩል እቆማለሁ። ማታም ጭቃውን ማሊያ ያመጡልኛል፣ እኔም እነጫነጫለሁ። እንደማልረሳህ ልምልልህ ፈልጌ በማን እንደምምል ቸገረኝ፤ አንተ ትሙት እንዳልልህ ሞተሃል። እንግዲያው በራሴ ልማልልህ፤ አሁን ደግሞ የሚምልብኝ ሰው አለና ነፍሴ ዋጋ አላት።

እኔ ልሙት፣ አልረሳህም።

ሚስትህ ብዙነሽ
ከአሰላ