ያላየሁት እንቅልፍዎ

ውድ ጋሼ፣

በዚህ ሳምንት ወንዝ ዳር ከተከልናቸው አርባ ወጥመዶች በአንዱም ውስጥ ዝንብ አልገባም። እንዲህ ሲሆን ሦስተኛ ወራችን ነው። የላቦራቶሪው ልጆች አጨበጨቡ፤ አለቃችንም በየተራ ጨበጡን። እኔ እጄን ታጥቤ ወደ ቤት ሄድኩ። ደስ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ ነበር፤ ምንም አልመጣም። እርስዎ ከሞቱ ወዲህ እንዲህ ነኝ። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ሰው ሲስቅ እስቃለሁ።

መጀመሪያ ሱቅዎ የመጣሁ ቀን ትዝ ይለኛል። ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ ተሸክሜ፣ የእንቅልፍ በሽታ የምታስተላልፈውን የቆላ ዝንብ ማጥመጃ እንዲሰፉልኝ ስጠይቅዎት መነጽርዎን ወደ ግንባርዎ ገፋ አድርገው፣

«ሰው እንኳ ቆሞልኝ እለካዋለሁ፤ ዝንቧን የት አግኝቼ ልለካት?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ እኛው ዘንድ ተቀጥረው ስድስት ዓመት አብረን ሠራን። መስፋቱ አልበቃ ብሎዎት ወጥመዱን ሊተክሉ ወንዝ ዳር ድረስ አብረውኝ ይወርዱ ነበር። ዝንቦቹ ከወጥመዱ አናት እየሾለኩ ሲያስቸግሩኝ፣ አፉን በሁለት ጣት አጥብበው የሰፉት እርስዎ ነዎት። ጥናቴ የተሳካው በዚያች ስፌት ነው። ጽሑፉ ላይ ግን ስምዎን አላስገባሁም፤ ከግርጌ «ልብስ ሰፊያችንን እናመሰግናለን» ብቻ አልኩ። እርስዎ ያንን ገጽ መስታወት አስገብተው ሱቅዎ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት።

ከዚያ ያ ዓመት መጣ። ማርፈድ ጀመሩ። በጠራራ ፀሐይ የስፌት መኪናው ላይ ተደፍተው ተኝተው አገኝዎት ጀመር። ስፌትዎ ተወላገደ። ድምፅዎን እንኳ ከፍ አድርገው የማያውቁት እርስዎ፣ አንድ ቀን ሾፌራችን ላይ መቀስ ወረወሩ። ቢሮ ጠራሁዎት።

«ጋሼ፣ ይጠጣሉ እንዴ?»

«ኧረ ምን ነካሽ ልጄ! እግሬ ይከብደኛል። ሌሊት ዓይኔ አይከደንም፤ ቀን ደግሞ እንጃ… ይወስደኛል።»

ሌሊት እንቅልፍ ማጣት፣ ቀን መተኛት፣ የጠባይ መለወጥ። ይህን በየዓመቱ ለተማሪዎች አስተምራለሁ፤ በዚሁ ቅደም ተከተል ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ። ያን ቀን ግን የሰማሁት ሰበብ ነበር። በወሩ የስንብት ደብዳቤዎን ፈረምኩ። አንብበው በአራት አጠፉትና «እሺ፤ ማን ይሰፋልሻል?» ብቻ አሉኝ።

አራት ወር አለፈ። አንድ ጠዋት ከሆስፒታል ናሙና ተላከልን፤ ከአንድ በሽተኛ አከርካሪ የተቀዳ ፈሳሽ። ላዩ ላይ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ማይክሮስኮፕ ሥር ሳየው ጥገኛ ተህዋሲያኑ ሞልተውታል።

«ኑ እዩ! እንዲህ ጥርት ያለ አይቼ አላውቅም!» ብዬ ልጆቹን ጠራሁ። ተራ በተራ አዩ። ቅጹን የገለጥኩት ከዚያ በኋላ ነው። ዕድሜ፦ ሃምሳ ስምንት። ሥራ፦ ልብስ ሰፊ።

ሆስፒታል ስደርስ ተኝተው ነበር። «ጋሼ» ስልዎት ዓይንዎን ገለጥ አድርገው፣ «ደርሷል፤ እጅጌው ብቻ ነው የቀረኝ» አሉኝ። ማን መስዬዎት እንደነበር አላውቅም። መድኃኒቱ ተጀመረ፤ ግን አልደረሰልዎትም። በዘጠነኛው ቀን አረፉ። ቀብርዎ ላይ ከሰው ኋላ ቆሜ ነበር። አላለቀስኩም።

አሁን ወንዝ የሚወርድ ሠራተኛ ሁሉ በየሦስት ወሩ ደሙ ይመረመራል። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ለምን እንዳወጣሁት ግን ለማንም አልተናገርኩም። ለባለቤትዎም ሆስፒታሉ የነገራቸው «ጭንቅላቱን የነካው በሽታ ነው» ብሎ ብቻ ነበር፤ እኔም ዝም አልኩ።

ያለፈው ቅዳሜ ቤትዎ ሄድኩ። ባለቤትዎን በር ላይ ልብስ እያሰጡ አገኘኋቸው። ቁጭ በይ አሉኝ፤ ቆሜ ነገርኳቸው። በሽታው ከእኛ ወንዝ እንደመጣ፣ ምልክቱን ሁሉ እያየሁ እንዳለፍኩት፣ በጊዜ ቢሰጥዎት የሚያድን መድኃኒት እንደነበር፣ እኔ ግን ከሥራ እንዳባረርኩዎት። እንዲሰድቡኝ ጠብቄ ነበር።

ገመዱ ላይ ሊያሰጡት የነበረውን እርጥብ ሸሚዝ መልሰው ያዙት።

«ቆይ እስቲ» አሉኝ በኋላ። «ያ ሁሉ ቁጣ… ‹ፊትሽን ማየት አልፈልግም› ሲለኝ የነበረው፣ ያቀረብኩለትን ሲገፋብኝ የነበረው… ያ በሽታው ነው?»

«አዎ፣ እትዬ። በሽታው ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«የማጠናው እሱን ነው።»

«ጠልቶኝ አልነበረም?»

«አልነበረም።»

ሸሚዙን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ብዙ አለቀሱ። እኔ ገመዱን ይዤ ቆሜያለሁ። ሲበቃቸው ቀና ብለው አዩኝ።

«ይህን ካወቅሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«አንድ ዓመት ከሁለት ወር።»

«አንድ ዓመት ከሁለት ወር» አሉ ቀስ ብለው። «እኔኮ በየሌሊቱ ምን በድዬው ይሆን እያልኩ ነው የማነጋው።»

ጋሼ፣ የበደልኩት እርስዎን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ይቅር አላሉኝም፤ እኔም ይቅርታ አልለመንኳቸውም። ስወጣ ብቻ፣ ልጆቹም አባታቸውን እንደተቀየሙ ነው የቀሩት፤ ተመልሰሽ ለእነሱም በራስሽ አፍ ንገሪ አሉኝ። በመጪው ቅዳሜ ሁሉም ይሰበሰባሉ። እሄዳለሁ።

አክባሪዎ፣
የዝንቧ ዶክተር