የዘጠኝ ቀን አበባ

ሰኞ

ቁጥሮቹ በጣም ጥሩ ናቸው። ያሳሰበኝም እሱ ነው።

የሰሚራን የማስተርስ ጽሑፍ ሦስተኛ ምዕራፍ ዛሬ ደግሜ አነበብኩት። ሸዋ ሮቢት ዳር በመስኖ አራት ዓይነት ማሾ ዘርታ፣ በሙቀቱ የትኛው አበባውን እንደሚያረግፍ ስትቆጥር ነው የከረመችው። በየቀኑ ስንት አበባ አለ፣ ስንት ረገፈ። አማካሪዋ እኔ ነኝ።

አበባው በሚበዛበት ሰሞን ለዘጠኝ ቀን ቁጥሩ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ቀስ እያለ ይወርዳል። ማሾ እንዲህ አያረግፍም። አንድ ቀን ይይዛል፣ በማግሥቱ ትኩስ ነፋስ ያገኘውና ግማሹ መሬት ላይ ነው።

ለፈታኞች ልታቀርብ ሁለት ሳምንት ቀርቷታል። ምናልባት ተጠራጣሪ የሆንኩት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ

ከክፍል እንደወጣሁ ወደ ማሳው ወረድኩ። ደብረ ሲና ላይ ሹራቤን አወለቅኩ፤ ሮቢት ስደርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል።

መሬቱን የሰጡን ጋሼ ሁሴን ሽንኩርት ሲያጠጡ አገኘኋቸው። ስለ ሰሚራ ጠየቅኳቸው።

«ጎበዝ ልጅ ናት፣ ማሻ አላህ። ፀሐይ ሳትወጣ እዚህ ናት። ያኔ መንገዱ ተዘግቶ አጣዬ የቀረች ጊዜ ብቻ ነው ያጣናት። እናቷ ታመውባት ሄዳ። ውሃውን እኔው ለቀቅኩላት።»

«ስንት ቀን ቆየች?»

«ሳምንት ያልፋል። ምነው፣ አልነገረችሽም እንዴ?»

ነግራኛለች ልል ነበር። ለክረምቱ ከአራቱ ሦስተኛውን ዘር ሊዘሩ እንዳሰቡም ነገሩኝ፤ ሰሚራ ሙቀት ይችላል ብላቸዋለች።

ማታ የቆጠራ ቅጾቹን አወጣሁ። እያንዳንዱ ሳምንት ሥር ፊርማ አለ። የኔ ነው። ያን ሰሞን ፈተና እያረምኩ ሳላይ ነው የፈረምኩት።

ረቡዕ

ሰሚራ ቢሮ መጣች። ቅጹን ፊቷ አስቀምጬ እነዚህን ቀናት የት እንደነበረች ጠየቅኳት።

«አጣዬ» አለች። «ስመለስ ገምቼ ሞላሁት፣ መምህር። የፊቱንና የኋላውን ቀን አይቼ መሀሉን አካፈልኩት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርዎት ነበር የመጣሁት። ገና ስገባ እርስዎ ያንቺ ቅጽ ሁልጊዜ ከሁሉም ንጹሕ ነው አሉኝ። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ?»

ብያታለሁ። ትዝ አለኝ።

ቢሆንም ተቆጣሁ። የተናገርኩት ስሕተት አልነበረም፤ ድምፄ ግን ከልክ አለፈ። አላለቀሰችም። ስትወጣ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ከሰዓት ዘጠኙን ቀን አውጥቼ እንደገና አሰላሁ። የሦስተኛው ዘር ብልጫ ጠፋ። ከሌሎቹ አይለይም።

ዝም ብል ማንም አያውቅም። እሷ ትመረቃለች፣ ጋሼ ሁሴን ያንን ዘር ይዘራሉ። ብናገር ልትባረር ትችላለች። ፊርማውም አለ።



ሐሙስ

ጠዋት ሦስት ጊዜ ደወልኩላት፣ አታነሳም። ብቻዬን ወደ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ገባሁ። ከፊርማዬ ጀመርኩ፤ ከሷ ብጀምር ኖሮ የራሴን እረሳው ነበር።

ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ «ይሄ ከተጻፈ ያንቺም ፋይል ውስጥ ይገባል» አለኝ።

ይግባ አልኩት። ነገ ኮሚቴ ይሰበሰባል። ሰዓቱን ለሰሚራ በጽሑፍ ላክሁላት። መልስ የለም።

ዓርብ

መጣች። ከሁላችንም ቀድማ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር።

ማንም ሳይጠይቃት የትኞቹን ቀናት እንደሞላች አንድ በአንድ ተናገረች። እናቷን ምክንያት አላደረገችም። እኔም ሳላይ መፈረሜን ተናገርኩ።

ውሳኔው፦ አልተባረረችም። ሙከራውን በመጪው የሙቀት ወራት ትደግማለች፤ ዓመት ሄደባት። ለሁለታችንም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። እኔ ዘንድሮ አዲስ ተማሪ አልቀበልም።

ኮሪደሩ ላይ፣ «ለጋሼ ሁሴን ማን ይነግራቸዋል?» አለችኝ። አብረን እንሂድ አልኳት።

ቅዳሜ

ራሷ ነገረቻቸው፣ ቦዩ ዳር ቆማ። ጋሼ ሁሴን አካፋቸውን ተደግፈው ሰሙ።

«ታዲያ የትኛው ነው ሙቀቱን የሚችለው?»

«አላውቅም፣ ጋሼ። የነገርኩዎት እርግጠኛ ሳልሆን ነው። አፉ ይበሉኝ።»

መሬት መሬቱን አዩ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር።

«እንኳን ሳልዘራው ነገርሽኝ» አሉ። «እኔ ለክረምቱ የራሴን ዘር እዘራለሁ። በበጋ መሬቱ ያው ነው፣ ነይ። ስትቀሪ ግን ደውይልኝ፤ መቁጠር እኔም አያቅተኝም።»

ወደ መናኸሪያ ስንሄድ፣ «መንገዱ እንደገና ቢዘጋስ?» አለችኝ።

«ቀኑን ባዶ ትተይዋለሽ።»

«ባዶውን ይፈርሙልኛል?»

«አይቼ እፈርማለሁ።»

ለሙከራው ትመለስ እንደሆነ ግን አልነገረችኝም፤ እኔም አላስጨነቅኳትም። ዓመት ቀላል አይደለም።

የአጣዬው ሚኒባስ ሞልቶ ስለነበር ሌላ እስኪመጣ አብሬያት ቆምኩ። ያኔ ነው እናቷ እንዴት እንደሆኑ የጠየቅኳት። ሳምንቱን ሙሉ ስለ ዘጠኙ ቀን ሳወራ ይህን አንድ ጊዜ አልጠየቅኋትም።

«ይሻላታል፣ አልሐምዱሊላህ» አለች። «አሁን መራመድ ጀምራለች።»

ሚኒባሱ እስኪመጣ ስለ እናቷ አወራችኝ።