ሁለቱ ጄሪካንና ነጩ ሸሚዝሽ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ አባዬ «እጄ» ለሚልሽ፣ እኔ ደግሞ ሌላ ሌላ ለምልሽ።

እንደምን ከረምሽ እትዬ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ወገብሽ ተሻለው ወይ? የስፌት ፋብሪካው ወንበር አሁንም ይቆረቁርሻል ወይስ መቀመጫሽ ተሸንፎ ለመደው? ባልሽስ ደህና ነው? አሁንም ሲያንኮራፋ መስኮቱ ይርገበገባል? ትንሿ ልጅሽ ጥርስ አበቀለች ወይ? አጎቷ በሌለበት ማን እንደሚያስቃት ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል፤ አባቷን እንደሆነ አውቀዋለሁ፣ ቀልድ ሲነግሩት ደረሰኝ የሚጠይቅ ሰው ነው። እኛ ለክፉ አንሰጥም። እማዬ ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ፤ አድገሃል ይሉኛል፣ እኔ ግን እስካሁን አላየሁትም። የእጅ ጽሑፌን ቻይው። ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ የተማርኩት ወድጄው ሳይሆን እሱ አልለቅ ስላለኝ መሆኑን ታውቂያለሽ።

ቀልዴ እዚህ ላይ አለቀ እትዬ። ሳቅ ከጠፋብኝ ዛሬ ስድስተኛ ቀኔ ነው። ከሥሩ ጀምሬ ልንገርሽ።

የጀልባውን ዘይት የምንቀይርበት ቀን ትዝ ይልሻል? አባዬ ያንን ቀን እንደ ሰርግ ነበር የሚያከብረው። ሞተሩን አስነስቶ ያሞቅና፣ የሞቀ ዘይት እንደ ውሃ ይሮጣል፣ የቀዘቀዘ ግን እንደ አንተ አልጋ ላይ ይለጠፋል እያለ እኔን ይሸነቁጠኛል። መኪና ቢሆን ሥሩ ተንጋለን ቡሎኑን እንፈታ ነበር፣ የጀልባ ሥር ግን ውሃ ነው እያለ ትምህርቱን ይደግምልናል። ከዚያ በመለኪያው ዘንግ ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ፣ አሮጌውን ዘይት በእጅ ፓምፕ እየሳበ በግራ በኩል ባለው ጄሪካን ያጠራቅማል። አዲሱ ዘይት በቀኝ ነው። ግራ አሮጌ፣ ቀኝ አዲስ። ይህ ሕግ እኛ ሳንወለድ የወጣ ነው። ከዘይት ማጣሪያው፣ ከፊልትሮው ሥር ደግሞ የሕፃን ዳይፐር ያነጥፋል። አንድ ጊዜ ዳይፐሩን ሲገዛ ያየው ጎረቤታችን ጀልባ ነጂ፣ ያ ቀጭኔ የምንለው፣ እማዬን መንገድ ላይ አስቁሞ እንኳን ደስ አለሽ፣ ወንድ ነው ሴት ያላት ጊዜ የሳቅነው ሳቅ ዛሬም ጎኔን ያመኛል።

ከዚያ ያንቺ ተራ ይመጣል። ፊልትሮው ከሞተሩ ጀርባ ስለተወሸቀ ከትንሿ እጅሽ በቀር የማንም እጅ በደንብ አይደርስበትም ነበር። ፌስታል ታለብሺዋለሽ፣ ፌስታሉ ውስጥ እንዳለ ትፈቺዋለሽ፣ ሳይንጠባጠብ ታወጪዋለሽ። «እጄ» የተባልሽው በዚህ ነው። ነጭ ሸሚዝ ያስለብስሽ የነበረውም ለዚሁ ነው፤ አንዲት ጠብታ ብታመልጥ ነጩ ላይ ትመሰክራለች። ሁሉ ሲያልቅ አባዬ የሞተሩን አፍ በነጭ ጨርቅ ይጠርግና ጨርቁን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ «ንጹህ» ይላል። እኔ ጄሪካን በእግሬ ደፍቼ፣ በጀልባ ማቆሚያው ውሃ ላይ በሙሉ ቀስተ ደመና የዘረጋሁ ጊዜ፣ ዓመት ሙሉ ዘይት እንዳልነካ ታገድኩ። ሸሚዝሽ ዛሬም ጀልባው ውስጥ ያቺው ሚስማር ላይ ነው። ማንም እንዲያወርደው አይፈቅድም።

ያለፈው ሰኞ ጠዋት ዘይት የመቀየሪያው ቀን ደረሰ። አባዬ አሮጌውን ስቦ ጨረሰና ክንዱን ከሞተሩ ጀርባ ከቶ ፊልትሮውን መፍታት ያዘ። ፊቱን ወደ ሰማይ አዙሮ በጣቱ ብቻ ነበር የሚፈልገው። እኔ ሲኮራ ነው ብዬ አሰብኩ። በዚያ መሃል ተንኮሌ መጣች። ኮሽ ሳላደርግ ሁለቱን ጄሪካን አቀያየርኳቸው። አዲሱ ዘይት እንደ ማር ነው፣ አሮጌው እንደ ጥላሸት። ክዳኑን ሲከፍት ያየዋል፣ አንተ ሰይጣን ይለኛል፣ እስቃለሁ፣ ጨርቅ ይወረውርብኛል። ቀልዱ ይኸው ነበር፣ ሌላ ነገር አልነበረበትም።

አዲስ ፊልትሮ አስሮ በቀኝ ያለውን ጄሪካን አነሳና ክዳኑን ከፈተ። ዘይት ማፍሰሻ የምናደርገውን የተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ በሞተሩ አፍ ላይ ተከለ፣ ጠርዙን በጣቱ ዳበሰ፣ ከዚያ ያንን ጥቁር ዘይት ማፍሰስ ጀመረ። መልሶ እየቀለደብኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። አሁን ይቆማል፣ አሁን ዞር ብሎ ይጠቅሰኛል ስል የመጨረሻዋ ገባች። አንዲት ጠብታ ወደ ውጭ አልወጣችም እትዬ። እንደዚያ ያለ ንጹህ ሥራ አይቼ አላውቅም። ከዚያ የሞተሩን አፍ በነጩ ጨርቅ ጠረገ፣ ጨርቁን ወደ ፀሐይ ከፍ አደረገ። መሃሉ ላይ መዳፍ የምታህል ጥቁር ነገር ነበረች።

«ንጹህ» አለ።

አፌ ውስጥ አዘጋጅቼው የነበረው ሳቅ እዚያው ደረቀ።

ቆሜ ሳየው ያለፈው ዓመት ሁሉ ተገልብጦ መጣብኝ። ደብዳቤሽ በደረሰ ቁጥር፣ የእህትህ ጽሑፍ ዶሮ የጫረችው ይመስላል፣ አንተ አንብበው ይለኝ ነበር። እኔም አነብለትና መሃል መሃሉ ላይ፣ ያ ቆንጆ ወንድሜ ናፈቀኝ፣ ብስክሌት ግዙለት እያልኩ ከራሴ እጨምር ነበር። የላክሽውን ፎቶ ተቀብሎ፣ ወፍራለች፣ ተመስገን ሲል ገልብጦ ነበር የያዘው፤ ስስቅበት አብሮኝ ሳቀ። ጀልባ ስንነዳ ደግሞ ከፊት አስቀምጦኝ፣ በምታየው ሁሉ ላይ አላግጥ፣ ተሳፋሪው ይዝናና ይለኛል። ቀጭኔ በግራ እየመጣ ነው፣ አንገቱ ከጀልባው ቀድሞ ደርሷል ስል እሱ መሪውን ወደ ቀኝ ያዞራል። እኔ ቀልደኛ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ለካ ዓይኑ ነበርኩ።

በማግስቱ ሰው ሊሻገርበት ያለ ሞተር በዚያ ዘይት ሊሠራ ነው። የሞተሩ ቀበቶ ላልቷል፣ እኔ አጠብቀዋለሁ፣ አንተ ቤት ሂድና ብላ አልኩት። ያለ ወትሮው እሺ ብሎኝ ሄደ። ከዚያ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠንቅቄ ሠራሁ። ሞተሩን ጥቂት አሞቅኩት፣ ቱቦውን አስገባሁ፣ ጥቁሩን መልሼ ሳብኩት። ዳይፐሩን አነጠፍኩ፣ ፊልትሮውን ፌስታል አልብሼ ፈታሁት። እጄ እንዳንቺ አይደለም፤ ተቀርቅሮ ሲወጣ የጣቶቼ ቆዳ እዚያ ቀረ። ፊልትሮውን አንጠባጥቤ መለስኩት፣ አዲሱን ዘይት ሞላሁ። ከዓይኔ በቀር ያፈሰሰ ነገር አልነበረም።

ቀና ስል አባዬ ማቆሚያው ጣውላ ላይ ተቀምጧል። ስንት ሰዓት እንደቆየ አላውቅም። ጨረስክ ወይ አለኝ። ቀበቶው ጠብቋል አልኩት።

«የጠየቅኩህ ስለ ቀበቶው አይደለም» አለ። «ጄሪካኑ ሞቆ ነበር፤ አዲስ ዘይት ደግሞ አይሞቅም። ግማሽ ሳልደርስ አውቄዋለሁ።»

ታዲያ ለምን አላቆምክም አልኩት። ጉልበቱን አሻሸ።

«ሳቅህን እየጠበቅኩ» አለኝ። «ብትስቅ እኔም አውቄ ነው ብዬ እስቅ ነበር። ጨርቁን ከፍ ያደረግኩትም ለዚያ ነው። አንተ ግን ከተወለድክ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አልክ።»

ስንት ዓመት አፍህን ዝጋ ሲለኝ ያልዘጋሁትን፣ ብከፍተው በሚያድነው ቀን ዘጋሁበት። አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ። የጀልባውን ቁልፍ፣ ውሃ ውስጥ እንዳይሰጥም ከታሰረባት ቡሽ ጋር፣ ከኪሱ አውጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠው። ከነገ ጀምሮ አንተ ትነዳለህ፣ እኔ ገመድ እይዛለሁ አለ። ሃያ ሰባት ዓመት ማንንም ያላስነካውን መሪ እንደ ቁራሽ ዳቦ አቀበለኝ። ከዚያ ተነስቶ፣ ጣውላውን በእግሩ እየቆጠረ ጥቂት ከሄደ በኋላ ዞረ።

«ለእህትህ እንዳትጽፍ። ካወቀች ትመጣለች። መጥታ ደግሞ ሳላያት ልትሄድ ነው።»

ማታውኑ እማዬን ጠየቅኳት። እጇን አጥባ ቁጭ አለች። ዓይን ሐኪም ዘንድ ከሄዱ ስምንት ወር አልፏቸዋል። የጠፋው አይመለስም፣ መድኃኒቱ የቀረውን ለጥቂት ጊዜ ያቆያል ተብለዋል። ለምን ደበቃችሁኝ ስላት፣ አንተ ጋ ምስጢር ማስቀመጥ በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው አለችኝ። እውነቷን ነው። ይኸው እየጻፍኩልሽ ነው፤ መቼስ ታዝዤ አላውቅ። ከፈለገ ይቆጣኝ፣ ሌላ ዓመት ሙሉ ያግደኝ።

ስለዚህ ነይ። ፈቃድ ጠይቂ፣ ባልሽን ለምኚ፣ ልጅሽን እዘይ፣ ነይ። እመጣለሁ ብለሽ ስትጽፊ ግን ከራስሽ የመጣ ሐሳብ አስመስይው፤ ናፍቃችሁኝ ነው በይ። ጮክ ብዬ የማነብለት እኔ ነኝ፣ በዚያችኛዋ ደብዳቤሽ ላይ አንዲት ቃል ከራሴ አልጨምርም።

እማዬ ጉንጭሽን በሁለት በኩል ስማሻለች፣ ያን ቀጭን ልብስ እየለበስሽ እንዳይበርድሽ ብላለች። ቀጭኔ ሰላም ብሎሻል፣ ዳይፐሩ ለልጅሽ ያስፈልጋታል ወይ ብሏል። ለባልሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፣ ደረሰኝ አልልክለትም። ትንሿን ስለ እኔ ሆድዋ ላይ እፍ በይልኝ።

አባዬም ሰላም ብሎሻል፣ ይህን ደብዳቤ ግን አያውቀውም። አንድ ነገር ቀረኝ። ሐሙስ ዕለት ሸሚዝሽን ከሚስማሩ አውርጄ አጠብኩትና ከጀልባው ፊት ባለው ምሰሶ ላይ አሰጣሁት። ተንኮል ይሁን ፍተሻ እኔም አላውቀውም። ቀትር ላይ አባዬ በጣውላው ሲመጣ፣ አሥር እርምጃ ሲቀረው ድንገት ቆመ። ማን ነው የቆመው አለ። ከዚያ ድምፁ አነሰና «እጄ፣ አንቺ ነሽ?» አለ። ነፋሱ የሸሚዙን እጅጌ ከፍ አደረገው። እሱም እጁን አነሳ።

ባዶ ሸሚዝ ነው ማለት አቃተኝ። ሮጬ አወረድኩትና አንዲት ተሳፋሪ ነበረች፣ ሄደች አልኩት። የመጨረሻ ውሸቴ ይሁን። ነጭ ያያል እትዬ። በቀትር ፀሐይ፣ አሥር እርምጃ ላይ፣ ገና ነጭ ያያል። ሸሚዝሽ ታጥቦ ተተኩሷል። መጥተሽ ልበሺው።

ያ ተንኮለኛ ታናሽ ወንድምሽ

ከጀልባችን የፊት ወንበር ላይ
ቅዳሜ፣ የካቲት 14 ቀን