ከአገና በላይ ያልመለስኩት ጥሪ

ለውድ ባለቤቴ ለዘነበች፣

ሙት ዓመትሽን ካወጣን ሁለት ወር ሆነ። እንዴት ሰነበትሽ ብዬ እንዳልጀምር መልስ የማላገኝበትን ጥያቄ መጠየቅ ደከመኝ፤ ስለዚህ የቤቱን ወሬ ላስቀድም። የወልቂጤው ቤታችን ደህና ነው። የሬዲዮ አንቴናሽን ከጣሪያው ላይ አላወረድኩም። «ዘነበች በሬዲዮዋ ዛሬም ቴሌቪዥኔን አንዘፈዘፈችው» እያሉ ሲከሱሽ የኖሩት ጎረቤታችን ወይዘሮ ብርቄ፣ ባለፈው ሳምንት በአጥር በኩል ጠርተውኝ ምስሉ ከጠራ ወዲህ ማየት እንዳስጠላቸው ነገሩኝ።

የሬዲዮ አማተሮች ከሩቅ አገር እየተጠራሩ የሚወዳደሩበት ቅዳሜና እሁድ ሲደርስ ግን ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። ድንኳንሽን፣ ሬዲዮሽንና ባትሪውን አስጭኜ በየዓመቱ ወደምንሰፍርበት፣ ከአገና በላይ ወዳለው ኮረብታ ወጣሁ። አንቺ በሁለት ቀን ከስንት አገር ሰው ጋር ስትገናኚ የእኔ ድርሻ የአንቴናውን ምሰሶ መትከልና ሻይ ማፍላት ነበር። ምሰሶውን እንደ ልማድሽ በቃጫ ገመድ ወጠርኩት፤ አጥብቄ ወጠርኩት። ከሰዓት በኋላ ሲያካፋ ቃጫው ረጥቦ ተኮማተረና ምሰሶውን አጎበጠው። «ክቡር ዳኛ፣ ይህ ችሎት አይደለም፤ ለዝናቡ ትንሽ ላላ አድርግለት» ትይኝ የነበረው ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። በዳኝነት ዘመኔ ሁሉ እንዲህ ያረመኝ ሌላ ሰው አልነበረም።

ምሰሶው ቢጎብጥም ሬዲዮው ይሰማ ነበር። እሁድ ረፋድ ላይ የኬንያው አዛውንት ወዳጅሽ በሬዲዮው መጣ፤ ድምፁን ወዲያው ለየሁት። በሬዲዮ የምትታወቂበትን የጥሪ ምልክት ሦስት ጊዜ ጠርቶ ጠበቀ። ከዚያም ስምሽን እንደ ልማዱ አሳጥሮ «ዜኔ፣ አምና አልሰማሁሽም፤ ዘንድሮስ ኮረብታው ላይ ነሽ?» አለ።

ማይኩን አነሳሁ። ነገር ግን የማስተላለፍ ፈቃዱ በአንቺ ስም የተሰጠ ነው፤ ከአንቺም ጋር አበቃ። ያለ ፈቃድ የሠራን ሰው ስቀጣ የኖርኩ ሰው የማስተላለፊያውን ቁልፍ መጫን አቃተኝ። ማረፍሽን ለተዘጋው ማይክ ነገርኩት። አዛውንቱ አንድ ጊዜ ደግሞ ጠራሽና ወደ ሌላ ሰው አለፈ። ማስታወሻ ደብተርሽን ገለበጥኩ፤ የተገናኛችሁበት ቀንና ሰዓት ሁሉ ተጽፏል፣ ደብዳቤ የምልክበት አድራሻው ግን የለም። በሕግ ትክክል እንደሠራሁ አውቃለሁ። በአንቺ ፊት ትክክል መሆኔን ግን አላውቅም፤ የምትፈርጂልኝም አንቺ ነበርሽ።

ማድረግ የምችለው ጥቂት ነው። ጉልበቴ እስከፈቀደ ድረስ በየዓመቱ እወጣለሁ። መመለስ ባልችልም ስምሽ ሲጠራ የሚሰማ ሰው ይኖራል። ገመዱንም ላላ አድርጌ አስረዋለሁ።

ባለቤትሽ